በየሦስት ፊደሉ

«እጇን እዩት፤ እሷንም ጀምሯታል» አለች አንዷ ለቀስተኛ ከድንኳኑ ጥግ፣ የተሰማች ሳይመስላት።

ሩታ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከተተች። የወንድሟ የይድነቃቸው ሠልስት ነው። የተንቀጠቀጠችው እህል ስላልቀመሰች ይሁን በሌላ፣ አታውቅም። አባቷን የጀመረው ከእጁ ነበር፤ ይድነቃቸውንም እንደዚያው።

«መጠጡ ነው የጎዳው» አሉ አብነት ሰፈር ሱቅ ያላቸው ጎረቤታቸው ጋሼ ደምመላሽ። «የተማረ ሰው እንደዚያ ሲንገዳገድ...»

«አንድ ቀን ቀምሶ አያውቅም!» ጮኸች ሩታ። «ከእርስዎ ሱቅ የገዛው አምቦ ውሃ ብቻ ነው! ከአባታችን የወረደ በሽታ ነው። ካላወቁ ዝም ይበሉ!»

አምና እሷ ራሷ፣ ደረጃ ላይ ሲወድቅ፣ ከማንሳቷ በፊት አፉን አሽትታዋለች። እሱም እስክትጨርስ አፉን ከፍቶ ጠብቋታል።

ከይድነቃቸው ጋር ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ የምታስተምረው ፀደይ ክንዷን ይዛ ወደ ጓዳ አስገባቻትና ፖስታ ሰጠቻት። «ከሠልስቴ በፊት አትችለውም፣ ያን ቀን ስጫት ብሎኝ ነው። የዘር ምርመራችሁ ነው፤ የሁለታችሁም።»

«የእኔም?»

«ካቻምና ምራቅሽን ወስዶ የለ?»

«ለምርምር ነው ብሎኝ!»

ከይድነቃቸው ጋር ዱባይ ተራ ጫማ ሊገዙ የሄዱበት ቀን ለሩታ ትዝ አላት። ሱቁ ሁሉ ድምፅ ማጉያውን ከፍቶ ሲያንባርቅ መሀል መንገድ ላይ ቆሞ፣ «ትራንስፎርም ማለት ከዚህ ጫጫታ አንድ ነገር የሚደጋግመውን ለይቶ ማውጣት ነው» አላት። «የሚደጋገም ነገር ግራፉ ላይ ጫፍ ያወጣል። ለምስጢር ቁልፍ የምሠራቸው የሒሳብ ቀመሮች ጫፍ እንዳይኖራቸው ነው የምለፋው፤ በጫፉ በኩል ሌባ ይገባል።»

«በሰው ዘርስ?»

«ጤነኛም ትንሽ ጫፍ አለው። ዘራችን ከተጻፈበት ፊደል ሦስቱ ከልክ በላይ ሲደጋገሙ ግን...» ብሎ ወደ ጫማዎቹ ዞረ።

ፖስታውን ቀደደችው። የመጀመሪያው ወረቀት ላይ ስሟ አለ። የግራፉ መስመር ወለል ለወለል ሄዶ አንድ ቦታ ብቅ ይላል።

ምግብ ይዘው የገቡት ጎረቤቷ እትዬ ሠርኬ አንገታቸውን አስግገው አዩት። «የልብ ምርመራ ነው? በሞትኩት! ይሄ ልብ አንዴ ብቻ ነው እንዴ የመታው? የማን ነው?»

«የእኔ» አለች ሩታ። «ፀደይ፣ ጫፍ አለው።»

«የጤነኛ ጫፍ ነው። ነጻ ነሽ።»

ፍርሃቱ ለቀቃት፤ ደስ አላት። በሠልስቱ ደስ ስላላት ደግሞ አፈረች። «የእሱስ?»

ፀደይ ፖስታውን አመለከተቻት። ሩታ ሁለተኛውን ወረቀት ዘረጋችው። የተጻፈበት ቀን ከስድስት ዓመት በፊት ነው። ይድነቃቸው ሁለቱንም በአንድ መለኪያ ነበር የሣላቸው። የእሱ ጫፍ ወረቀቱን አልፎ ስለወጣበት፣ ከላዩ ሌላ ወረቀት በፕላስተር ቀጥሎ፣ በዚያም ላይ ሌላ ቀጥሎ፣ በማስመሪያ ቀጥ አድርጎ እስከ መጨረሻው አድርሶታል።

የላይኛው ፕላስተር ለቅቋል። ውጭ አዲስ ለቀስተኛ ስሙን እየጠራ ገባ። ሩታ ፕላስተሩን በአውራ ጣቷ ተጭና ያዘችው፤ ሲጠሯትም አልለቀቀችውም።