ለሽሮ የተቋቋመ ኮሚቴ

የወሰኔን ሽሮ የቀመሰ ሰው ሌላ ሽሮ ሲቀርብለት ፊቱን ያጨማድዳል። ነቀምቴ ውስጥ ሱፐርማርኬት ያለው ሌሊሳም ከቀማሾቹ አንዱ ነበር። ሌሊሳ ፕሮቴስታንት ነውና ሁዳዴን አይጾምም፤ የጿሚውን ኪስ ግን ከጿሚው ይበልጥ ያውቃል። ስለዚህ ከመግቢያው ትይዩ ያለውን መደርደሪያ ሊሰጣት ቃል ገባ። ያስቀመጠው ግዴታ አንድ ብቻ ነበር፤ በየላስቲኩ ላይ የሠሪው ስም፣ አድራሻና የተዘጋጀበት ቀን ያለበት ስቲከር ተለጥፎ፣ ሽሮው ጾሙ ከመግባቱ በፊት ባለው ቅዳሜ እንዲደርሰው።

«አዴ ወሰኔ፣ ቅዳሜ ካለፈ የአዲስ አበባውን እደረድራለሁ፤ እንዳይቀየሙኝ» አላት።

ያ መደርደሪያ ለወሰኔ ተራ ጣውላ አልነበረም። ገበያ መሬት ላይ ተቀምጣ፣ ከላይ ፀሐይ ከታች አቧራ እየተፈራረቀባት በጣሳ እየሰፈረች የምትሸጥበት ዘመን የሚያበቃበት ደጃፍ ነበር። ሽሮ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ የማያገኘውን ገዢ በሁዳዴ ያገኛል።

ስቲከር አታሚ ፍለጋ መጀመሪያ የሄደችው ከገበያው በታች ወዳለው ወደ ጂሩ ማተሚያ ቤት ነው። ጂሩ ፊቱ የማይፈታ፣ ጥፍሩ ከቀለም የማይጠራ ሰው ነው፤ ደንበኛ ሲገባ ቀና ብሎ እንኳ አያይም። ወሰኔ ከጠረጴዛው ላይ አንድ የማር ስቲከር አንሥታ፣ ጣቷን በምራቋ አርሳ ጽሑፉን ፈተገችው፤ ቀለሙ አልለቀቀም። መቼ እንደሚያደርስላት ስትጠይቀው፣ ዛሬ ከሰጠችው ከነገ ወዲያ እንደምትወስድ ነገራት፤ ዋጋውንም ሳያሽሞነሙን ተናገረ። ልቧ እዚያው ወሰነ። ንግድ ፈቃዱ ግን በባሏ በታዲዮስ ስም ስለነበረ፣ ሳትነግረው ማዘዝ አልቻለችም። ጥፋቱ ከዚህ ይጀምራል።

ታዲዮስ በአንድ መሥሪያ ቤት የግዥ ክፍል ኃላፊ ሆኖ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። በእርሱ ዘመን የተገዛ ወንበር ሰው ሳይቀመጥበት ይወላልቅ ነበር፤ የተገዛ እስክሪብቶም ከወረቀት ይልቅ ኪስ ያቀልም ነበር። እርሱ ግን አንድ ቀን እንኳ ተከስሶ አያውቅም፤ ለእያንዳንዱ ውልቅልቅ ወንበር ሦስት ፕሮፎርማ ነበረውና። ይህንንም ንጽሕና ይለዋል።

«ያለ ውድድር?» አላት፣ የጂሩን ነገር ስትነግረው። «አንቺ ሴት፣ በስተርጅና ልታዋርጂኝ ነው?»

ቅዳሜ መቃረቡን አስታወሰችው። የቸኮለ አፍሶ እንደሚለቅም መለሰላት። እርሱ በዕድሜው አፍሶም ለቅሞም እንደማያውቅ ልትነግረው ቃጥቷት ተወችው።

በማግሥቱ በባጃጅ ወደ ፉፋ ወሰዳት። የፉፋ ማተሚያ ቤት በመብራት ያሸበረቀ ሰሌዳ፣ ሰው የሚውጥ ሶፋ፣ የሠርግ ካርድና የቀን መቁጠሪያ የተሰቀለበት ግድግዳ አለው። የቀለም ሽታ ግን የለውም፤ የሚሸተው ሽቶ ነው። የማሽን ድምፅም አይሰማበትም። ፉፋ ከመቀመጫው ተነሥቶ «ኦቦ ታዲዮስ፣ አካም ጅርቱ፣ እንደምን አሉ፤ ጡረታ ወጣት አደረገዎት» እያለ እጁን በሁለት እጁ ጨበጠው፤ ለስላሳም አስከፈተ። ታዲዮስ እንደ ሙሽራ ተኮፈሰ።

«ማሽኑ የት ነው?» አለች ወሰኔ።

«አዴ፣ ሥጋ ቤት የገባ ሰው በሬው የት አለ ይላል?» አለ ፉፋ።

ታዲዮስ ሳቀ፤ በሚስቱም ዐፈረ። ቀጥሎም ለውድድሩ የሌሎች ሁለት ማተሚያ ቤቶች ፕሮፎርማ እንደሚያስፈልገው በትሕትና ገለጸ። ፉፋ መሳቢያውን ስቦ ስማቸው የተለያየ ሦስት ማኅተሞች አወጣና እንደ ገበጣ ጠጠር ደረደራቸው። በዚህ ፀሐይ ትልቅ ሰው ከማንከራተት ራሱ ቢጨርሰው እንደሚሻል ተናግሮ፣ ሦስቱንም እዚያው ሞልቶ ሦስቱንም ማኅተም መታባቸው፤ የራሱን ዋጋ ከሌሎቹ በጥቂት ብር አሳነሰ። ወሰኔ ባሏ እንዲቆጣ ጠበቀች። ታዲዮስ ግን ማኅተሙ ከፊርማው ላይ በትክክል ማረፉን ብቻ መረመረ፤ ከዚያም እያንዳንዱ በየፖስታው እንዲታሸግለት ለመነ።

መንገድ ላይ፣ ሦስቱ ተወዳዳሪዎች አንድ ፉፋ መሆናቸውን አላየ እንደሆነ ጠየቀችው።

«ሰውየው አንድ ይሁን፤ ሰነዱ ሦስት ነው» አላት።

ፖስታዎቹ ሳሎን ውስጥ ብፌው ላይ ተቀመጡ፤ ታዲዮስ ማንም እንዳይነካቸው አዘዘ። ለመክፈት ኮሚቴ ያስፈልጋልና ራሱን ሰብሳቢ፣ የጡረታ ጓደኛውን ቀነአን አባል፣ ወሰኔን ደግሞ ድምፅ የሌላት ታዛቢ አድርጎ ሾመ። ቀነአ ግን ለልቅሶ አኖ ወደምትባል ከተማ ሄዶ ነበር።

«አሸናፊውን እኔም አንተም ብፌውም እናውቀዋለን፤ ክፈተው» አለችው ወሰኔ።

ምልዓተ ጉባኤ ሳይሟላ ፖስታ መክፈት ምን ዓይነት ወንጀል እንደሆነ ሲያስረዳት አመሸ። ቀነአ ከልቅሶው ሲመለስ ፖስታው በሥነ ሥርዓት ተከፈተ፤ ፉፋ አሸነፈ። ቀነአም ፉክክሩ ብርቱ እንደነበረ መስክሮ፣ ምሳውን በልቶ፣ ሽሮውን አመስግኖ ሄደ።

ቅዳሜ ሁለት ቀን ሲቀረው ወሰኔ ፉፋ ዘንድ ሄደች። ስቲከሩ ሥራ ላይ መሆኑን ነገራት። የት ሥራ ላይ እንደሆነ ስትጠይቀው ለስላሳ ጋበዛት። ለስላሳውን ትታ፣ ምናልባት በአንድ ቀን ያደርስልኝ ይሆናል ብላ ወደ ጂሩ ወረደች። ጂሩ ጠረጴዛ ላይ የገዛ ስሟ ቀድሟት ተቀምጧል።

ጂሩ ቀና ሳይል ነገሩን አጫወታት። ፉፋ ማሽን ኖሮት አያውቅም፤ የተቀበለውን ሥራ ሁሉ እዚህ አሳትሞ በላዩ የራሱን ይጨምርበታል። የእርሷንም ትእዛዝ ያመጣው ዛሬ ጠዋት ነው። ከእርሷ በፊት የገባ የአንድ ጉባኤ የመዝሙር ወረቀት ስላለ፣ የእርሷ ከሰኞ በኋላ ይደርሳል። እጥፍ ልክፈልህ ብላ ለመነችው።

«ለእነሱም ቃል ሰጥቻለሁ» አለ ጂሩ። «እርስዎ ያን ቀን ሰጥተውኝ ቢሆን ይኸኔ ለጥፈው ጨርሰው ነበር።»

ተናደደችበት፤ ልትንቀው ግን ብትሞክር አልሆነላትም። በዚያ ሳምንት ካነጋገረቻቸው ወንዶች ሁሉ ያልናቀችው እርሱን ብቻ ነው።

ቅዳሜ ሽሮዋን ያለ ስቲከር አስጭና ለሌሊሳ ወሰደችለት። ስሟንና ቀኑን በእጇ ጽፋ እንደምትለጥፍበት ነገረችው። ሌሊሳ ዐዘነላት፤ ግን ተቆጣጣሪ ቢመጣ እንደሚቀጣ አስረዳት። መደርደሪያው ሥርም የአዲስ አበባው ሽሮ በካርቶን ሆኖ ይጠብቅ ነበር።

«ከፋሲካ በኋላ ይምጡ፣ አዴ፤ ቦታ አላጣልዎትም» አላት።

ከፋሲካ በኋላ ሽሮ የሚናፍቀው ክርስቲያን በየትኛው አገር እንዳለ አልጠየቀችውም።

ቤት ስትደርስ ታዲዮስ ፕሮፎርማዎቹን፣ ቃለ ጉባኤውንና ለፉፋ የጻፈውን የአሸናፊነት ደብዳቤ እየበሳ ፋይል ውስጥ ያስገባ ነበር። መደርደሪያው እንደቀረ ነገረችው። እርሱም ከልቡ ዐዘነ፤ ለጥቂት ጊዜ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያም ፋይሉን ዘግቶ በመዳፉ መታ መታ አደረገው።

«ቢሆንም፣ ወሰኔ፣ እኛን የሚያስጠይቀን ነገር የለም። ሁሉም በአግባቡ ተሠርቷል።»

«ማነው የሚጠይቀን?» አለችው።

ታዲዮስ ጠያቂውን በእውነት ፈለገው፤ ኦዲተሩን፣ የበላይ ኃላፊውን፣ ይመጣሉ ብሎ ዕድሜውን ሙሉ የፈራቸውን ሁሉ ፈለጋቸው፤ በሩን እንኳ አየ። ሽሮው የሚስቱ፣ ልፋቱ የሚስቱ፣ ኪሳራውም የሚስቱ ነበር። ጠያቂዋ ከፊቱ ቆማ ሳለ እርሱ ከጠያቂ አልቆጠራትም። እስክሪብቶውን አነሣ።

«መልካም ጥያቄ ነው። ቀነአ ሲመጣ በአጀንዳ ይያዝልሻል» አላት።

ወሰኔ ላስቲኮቹን እየቀደደች ሽሮውን ወደ ጆንያ ገለበጠችው። ገበያው ሳይበተን ለመድረስ ባጃጅ አስጠርታ ጆንያውን ስታስጭን፣ ታዲዮስ ከደጅ ቆሞ፣ ዕቃ ከግቢ ሲወጣ መመዝገብ እንደሚገባው ሲናገር ይሰማት ነበር።