ገጽ ስድስት ላይ የሰመጠው ታንኳ

«ናኢማ፣ ገጽ ስድስት ላይ ዋሽተሻል» አሉኝ ጋሽ አስማማው፣ ያውም በሰው ፊት።

ጋሽ አስማማው ጡረታ የወጡ የአማርኛ መምህር ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ፔዳ ሰፈር ካለ አንድ ካፌ ጓሮ፣ ድርሰት የምንሞክር ስድስት ሰዎችን ሰብስበው ያርሙናል። ያርሙናል ያልኩት ለጨዋነት ነው እንጂ ይልጡናል ብል ይቀርባል። ባለፈው ወር ኪሩቤል የሚባለው ጓደኛችን የፍቅር ታሪክ ሲያነብ ዋናው ሰውዬ በሦስት ገጽ ውስጥ አራት ጊዜ አለቀሰ። «ይህን ሰው ሐኪም ይየው» ብለው አለፉት።

ምክራቸው ብዙ ነው። ሰው አዘነ አትበሉ፣ ሲያዝን ያደረገውን ጻፉ ይላሉ። የጻፋችሁትን ጮክ ብላችሁ አንብቡት፣ ምላሳችሁ የተደናቀፈበት ዐረፍተ ነገር ታሟል ይላሉ። አንድ ነገር ሲሆን ከምን ተነሥቶ እንደሆነ አሳዩኝ፣ ከሰማይ አታውርዱብኝ ይላሉ። ሁሉንም ደብተሬ ላይ ገልብጬዋለሁ። ለኪሩቤል ሲነገርማ እንዴት ደስ ይለኛል! የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የተባለው ለኔ ነው።

«የቱ ጋ ነው የዋሸሁት?» አልኳቸው።

«አምስት ገጽ ሙሉ ደንገል ከሐይቁ ዳር እንዴት እንደሚታጨድ፣ እንዴት እንደሚደርቅ፣ ታንኳ በልጥ እንዴት እንደሚታሰር ነግረሽኛል። ዋና የማልችለው ሽማግሌ እንኳ አሁን ታንኳ ማሰር የምችል መስሎኛል። ገጽ ስድስት ላይ ስንደርስ ግን ‹ድንገት ነፋስ ተነሣ፤ ታንኳውም ተበተነ› ብለሽ ዘለልሽው። ዝርዝር የምትወድ ልጅ ድንገት ዝርዝር ስትጠላ የሸሸችው ነገር አለ ማለት ነው። ይህ ታሪክ በምናሳትመው መድበል ውስጥ እንዲገባ እፈልጋለሁ። እንዲህ ሆኖ ግን አይገባም።»

ወረቀቴን ሰብስቤ፣ ሻዬን ሳልጨርስ ወጣሁ። የሐይቁን ዳር ይዤ ወደ ቤት ስሄድ በልቤ ያልሰደብኳቸው ስድብ አልነበረም። እንደዚያ የተናደድኩት ልክ ስለሆኑ ነው።

የሸሸሁት ነገር ይህ ነው። ከዘጠኝ ዓመት በፊት፣ የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ አባቴ ቡርሀን በኛ ዳርቻ ታንኳ በማሰር የሚስተካከለው አልነበረም። ለታናሽ ወንድሙ ለአጎቴ ለሙኒር አዲስ ታንኳ አሰረለት። አጎቴ አንድ ቀን ዓሣ አጠመደበትና እንዲደርቅ ዳር ላይ አወጡት፤ የደንገል ታንኳ ውሃ ስለሚጠጣ ካልደረቀ አያገለግልም። አባቴ «ቀትር ላይ ገልብጪው፣ ሌላው ጎኑም ፀሐይ ይምታው» ብሎኝ ሄደ። እኔ ሾላው ሥር ቁጭ ብዬ የተዋስኩትን ልብ ወለድ አነብ ነበር። መጽሐፉ ውስጥ ያለችውን ልጅ ለማትወደው ሰው ሊድሯት ነበርና ታንኳው ትዝም አላለኝ። ሳልገለብጠው መሸ።

በማግስቱ አጎቴ ሐይቁ መሃል ሲደርስ ታንኳው ተበተነበት። አንድ እስር ደንገል አቅፎ ከጧት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ላይ ዋለ፤ የሚያልፍ ጀልባ ነው ያወጣው። እንደ ዳነ ዳርቻው ላይ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ሳለ አባቴን «ልትገድለኝ ነው ያሰርኸው?» አለው። አባቴ አንድም ቃል አልመለሰለትም። ከዚያ ቀን ወዲህ ወንድማማቾቹ አልተነጋገሩም። አጎቴ ዓሣ ማጥመዱን ትቶ ከከተማው ወጣ ብላ ያለችው ዘንዘልማ ገብቶ ሱቅ ከፈተ። ለአባቴም ታንኳ እሰርልኝ የሚለው ሰው ጠፋ፤ አሁን ለጎብኚ የሚሸጡ ክንድ የሚያህሉ ታንኳዎች ነው የሚያስረው። የእነዚያን መጫወቻዎች አፍንጫ በዚያ በታወቀ እጁ ሲቆልም ባየሁ ቁጥር ፊቴን አዞራለሁ። ያልገለበጥኩት እኔ ነኝ። ለማንም አልተናገርኩም።

ገጽ ስድስትን እንደገና ለመጻፍ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። የተማሪዎች መመረቂያ ጽሑፍ በምተይብበት ሱቅ፣ ደንበኛ ሲሳሳልኝ ጊዜ እየሰረቅኩ ጻፍኩ። ልጅቷን አስገባኋት፤ መጽሐፉን፣ ሾላውን፣ የጠለቀውን ፀሐይ። ያልተገለበጠው ጎን ውሃ እንዳዘለ ቀረና ታንኳው በማግስቱ ተበተነ ብዬ ጨረስኩ። ለጋሽ አስማማው ደውዬ አነበብኩላቸው።

«አሁን ሰው ገባበት» አሉ። «ግን ስለ ሙያ የጻፋችሁትን ለባለሙያው አንብቡለት ብያችሁ የለ? ሰውየው ይሰድብሻል፤ ስድቡን መዝግቢ።»

ባለሙያው ማን እንደሆነ አላወቁም። ስልኩን ዘግቼ ብዙ አሰብኩ። ሌላ ታንኳ ሠሪ ፈልጌ ላነብለት እችል ነበር። ግን ይህን ነገር ከአባቴ በፊት ሌላ ሰው ቢሰማው በአባቴ ላይ ሁለተኛ በደል መስሎ ታየኝ።

ዓርብ ከጁምዓ መልስ አባቴ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ልጥ በውሃ ሲያርስ አገኘሁትና «አባ፣ የጻፍሁትን ላንብብልህ» አልኩት። ደስ አለው። ሁለተኛው ገጽ ላይ ግን ጀመረኝ።

«ከወገቡ ቆረጠው? ደንገል ከሥሩ ነው እንጂ ከወገቡ የሚቆርጥ ምን ዓይነት ደንቆሮ ነው?»

መዘገብኩ።

«በቀኝ በኩል ብቻ ነው እንዴ የሚቀዝፈው? እንዲህማ ከሆነ ሲሽከረከር ሊውል ነው!» ብሎ ከት ከት ብሎ ሳቀ። ይህንንም መዘገብኩ። ገጽ ስድስት ላይ ደረስኩ። አባቴ ልጡን አስቀመጠ። እስከ መጨረሻው አንብቤ ቀና ስል አተኩሮ ያየኛል።

«ይህች ልጅ አንቺ ነሽ?»

«አዎ አባ። አልገለበጥሁትም። እኔ ነኝ ያጠፋሁት።» እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

አባቴ እስክረጋጋ ጠበቀኝ። «ልክ አይደለም» አለ በመጨረሻ።

«ምኑ?»

«የጻፍሽው ነዋ። ያልተገለበጠ ታንኳ ይከብዳል። እየከበደ፣ እየከበደ ሄዶ ቀስ ብሎ ይሰምጣል። አይበተንም። ታንኳ የሚበተነው ማሰሪያው ሲላላ ነው።» ጺሙን ዳበሰ። «ማሰሪያው የሚላላው ደግሞ ያልደረቀ ደንገል ሲታሰር ነው። ደንገሉ ከታሰረ በኋላ ሲደርቅ ይከሳል፣ ልጡ ይላላል። ገልብጠሽው ቢሆን ኖሮ ይበልጥ ደርቆ ገና ከዳር ሳይርቅ በተበተነ ነበር።»

«አንተ ያልደረቀ ደንገል አታስርም እኮ!»

«አንድ ጊዜ አስሬያለሁ።» ዓይኑን ከኔ አነሣ። «ዳርቻው ላይ ‹ቡርሀን አርጅቷል፣ እጁ ዘግይቷል› ብለው ቀለዱብኝ። ለአፍ ዳገት የለውም፤ ‹የሙኒርን ታንኳ በአንድ ጀንበር አስሬ አሳያችኋለሁ› አልሁ። ደንገሉ ገና ሦስት ቀን ፀሐይ ይፈልግ ነበር። እያወቅሁ አሰርሁት። ሙኒር ‹ልትገድለኝ ነው?› ሲለኝ ዝም ያልሁት መልስ ስለሌለኝ ነው።»

ሐዘኔ በአንድ ጊዜ ንዴት ሆነ። «ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እኔ ነኝ እያልሁ ስቃጠል!»

«ምን አውቄ፣ ልጄ? አንቺስ መች ነገርሽኝ?»

ተያየን። መጀመሪያ የሳቀው እሱ ነው። እኔም እንባዬ ሳይደርቅ ሳቅኩ። ወላሂ፣ እንደዚያ ቀን ቀሎኝ አያውቅም።

«ለአጎቴ ለምን አልነገርኸውም?» አልኩት ስንረጋጋ።

«ሦስት ጊዜ ዘንዘልማ ሄጃለሁ። ሱቁን ከሩቅ አይቼ፣ አፌ እየተሳሰረብኝ ተመልሻለሁ። አንቺ አንብቢለት። ወረቀት አያፍርም።»

«እኔ አነብለታለሁ። ገጽ ስድስትን ግን አልጽፍልህም፤ እሱን አንተ ትነግረዋለህ።»

እሑድ ጧት በባጃጅ ዘንዘልማ ሄድን። አጎቴ አዲሶቹ ቤቶች መሃል ሽንኩርትና የቆጋ መስኖ ድንች የሚቸረችርበት ጠባብ ሱቅ አለው። ሰላምታችንን በከንፈሩ መለሰ። ሚስቱ ሰሊማ ግን ገና ስታየን ሁለት በርጩማ አወጣች። አባቴ ተቀመጠ፤ አጎቴ እጁን አጣምሮ ቆመ። ምንም መግቢያ አላበጀሁም፤ «አጎቴ፣ ድርሰት ጽፌያለሁና ስማኝ» ብዬ ማንበብ ጀመርኩ።

አቋረጠኝ ብዬ ስጠብቅ ሰማኝ። ሦስተኛው ገጽ ላይ የድንች ጆንያ ላይ ተቀመጠ። ገጽ አምስትን ስጨርስ ባዶ ወረቀት አወጣሁ። «ከዚህ ወዲያ አባቴ ነው የሚነግርህ» አልኩት።

አባቴ ከበርጩማው ተነሣ። «ያልደረቀ ደንገል ነበር፣ ሙኒር። እያወቅሁ ነው ያሰርሁት። ሰዎች ቀለዱብኝና ለጉራዬ ብዬ ቸኮልሁ።»

አጎቴ ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁ። የሚማታ መስሎኝ እኔም ተነሣሁ።

«ዘጠኝ ዓመት!» ብሎ ጮኸ። «ዘጠኝ ዓመት እኮ ‹ሞቴን ፈልጎት ነበር› እያልሁ ነው የኖርሁት! ዝም ስትለኝ ሌላ ምን ልበል? ምን አስቀይሜው ይሆን ብዬ ያላሰብሁት ነገር የለም። ‹ተሳሳትሁ› ብትለኝ እኮ ያን ቀን ማታ አብረን እራት እንበላ ነበር! አንድ ቃል ነው!»

«ተሳሳትሁ» አለ አባቴ።

አንዲት ሴትዮ ዘንቢል ይዛ ሽንኩርት ልትገዛ ብቅ አለች። ሰሊማ በዓይኗ መለሰቻት። አጎቴ በጋቢው ጫፍ ፊቱን ጠረገ፤ ብዙ ጊዜ ጠረገው። ከዚያ ወደ አባቴ ሳይሆን ወደ እኔ ዞረ።

«አንቺ፣ ድርሰትሽ ላይ ሐሰን ያልሽው እኔን ነው?»

«አዎ።»

«ይሁን፣ ስሙ ደኅና ነው። ግን ‹የታንኳ ሠሪው ጎረቤት› ነው ያልሽኝ። ለምን ጎረቤት?»

እውነቱን ነገርኩት። «ወንድማማቾች ናቸው ብዬ ብጽፍ፣ ወንድማማች ዘጠኝ ዓመት ሳይነጋገር ይኖራል ብሎ ማንም አያምነኝም ብዬ ነው።»

አጎቴ አባቴን አየው። አባቴ አንገቱን ደፋ።

«ያላመነ ይቅር» አለ አጎቴ። «ሰሊማ፣ ስክሪብቶ ስጫት።»

መጀመሪያው ገጽ ላይ ‹ጎረቤቱ› የሚለውን ሰርዤ ‹ወንድሙ› ብዬ ጻፍኩ። ቃሉ ዐሥራ አራት ቦታ ላይ ነበር። ሁለቱ ከአጠገቤ የድንች ጆንያ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ አንድም እንዳይቀር እየቆጠሩ፣ ዐሥራ አራቱንም አሰረዙኝ።