የገዳሪፍ ሸዋልና የእንግሊዝ በር

መተማ ዮሐንስ ውስጥ የዓለም ንግድ ነገር ያሳሰበው ሰው መጀመሪያ የሚመጣው ወደ እኔ ወደ መለሰ ነው። ይህን ለጉራ አልልም፤ ጉራ የሌለው ሰው ይጎርር። እርሻዬ ከኮኪት ወዲያ ተነስቶ ዓይን እስኪደክም ይሄዳል፤ ዳርቻውን እኔ ራሴ ገና ጨርሼ አላየሁትም። «ትራክተሩ አንዲት ናት፣ እሷም የኪራይ ናት» የሚሉ አሉ። ይበሉ። ምቀኛ ባይኖር የቆላ ኑሮ ምን ይጥም ነበር።

በዚያ ሰሞን የተጨነቀችው ዘሀቢያ ነበረች። ባሏ ከሞተ ወዲህ እርሻውን ብቻዋን ይዛ፣ ከወንዱ እኩል እያሳረሰችና እያሳጨደች የምትኖር ሴት ናት። የባሏ ወንድም ሷሊህ ግን ሴት ሰሊጥ ታበቅላለች እንጂ ባሕር አታሻግርም እያለ፣ እርሻው ወደ እሱ እንዲዞር ሽማግሌ ሰደደባት። እሷም ከሽማግሌዎቹ ፊት ቁጭ ብላ፣ ዘንድሮ ሰሊጤን በራሴ ስም እንግሊዝ አገር እልካለሁ፤ ጭነቱ ከተመለሰ እርሻውን እንካ አለችው። ፋቲሃ፣ የቁርኣኑ መክፈቻ፣ ተቀራበት። ፋቲሃ ከተቀራ በኋላ ቃል አይታጠፍም፤ ሷሊህም አያጥፍም፣ እሷም አታጥፍም።

ሰሊጡ ተጭኖ የወጣ ዕለት ረፋዱ ላይ እኔና ዘሀቢያ ከሱቋ ደጃፍ ተቀምጠን ነበር። ሷሊህ ጀለቢያውን እየሰበሰበ መጣና፣ ሰላምታውን እንኳ በወጉ ሳይጨርስ፣ እንግሊዝ ከአውሮፓ የንግድ ማኅበር መውጣቷን ሰምተሽ እንደሆን ብሎ ጠየቃት። ከማኅበር የወጣ አገር በሩን ይዘጋል፤ ሰሊጥሽ መንገድ ላይ ወላጅ አልባ መሆኑ ነው አላት።

እኔ ሳቅሁ። ይኼ ወሬ ጢም ያበቀለ ወሬ ነው አልኩት። እንግሊዝ ከወጣች ዓመታት አልፈዋል፤ ልትወጣ ስትልም ቀድሞ የገባው ለእኔ ነው። እንግሊዝን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃታለሁ፤ አጎቴ የእንግሊዝ ሬዲዮ ነበረው። እንዲህ ስልም አስረዳሁት፤ አንድ ትልቅ ግቢ አለ፣ ብዙ ቤት አለበት፣ ዋናው በር አንድ ነው። በዚያ በር አንዴ ከገባህ ከቤት ቤት ስትዞር ማንም ማነህ አይልህም። እንግሊዝ የራሷን ቤት ለብቻ አጠረች። ቤቱ እዚያው ነው፣ ሰሊጥ መብላቷም እዚያው ነው። ታዲያ ምን ይሁን?

ዘሀቢያ ግን በእኔ ማስረጃ ብቻ የምትረጋ ሴት አይደለችም። አዲስ አበባ ተቀምጣ የጭነቱን ወረቀት የምታስጨርስላት ፅዮን የምትባል የጎንደር ልጅ አለች፤ ለእሷ ደወለችና ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጋ መሐላችን አስቀመጠችው። ፅዮን ስትሰማ፣ ቀረጥ እንደሆነ አትጨነቂ አለች፤ እንደኛ ካለ አገር የሚሄድ ሰሊጥ ዱሮም ቀረጥ አልነበረበትም፣ ዛሬም የለበትም። እኔ ሷሊህን አየሁት። እሱ ሰማዩን አየ።

የተለወጠው መንገዱ ነው አለች ፅዮን። ዱሮ ይኼ የእንግሊዝ ገዢሽ የሚገዛው ሰሊጥ ሆላንድ ወደብ ይወርድ ነበር። እዚያ መጋዘን ገብቶ ይነፋል፣ በሌላ ጆንያ ይሞላል፣ ከዚያ በጀልባ እንግሊዝ ይሻገራል፤ መሐል ላይ ጠያቂ አልነበረም። አሁን በዚያ በኩል ካለፈ ሁለት ፍተሻ፣ ሁለት ወረቀት ሆነ። ስለዚህ ገዢው ሆላንድን ትቶ ከጅቡቲ በቀጥታ ላኩልኝ ብሏል።

«እና ዘሀቢያ፣ ከመተማ የጫንሽው ጆንያ ራሱ ነው እንግሊዝ የሚወርደው። ጆንያው ላይ ምን ተጽፏል?»

ዘሀቢያ ከሱቁ አንድ ባዶ ጆንያ አውጥታ መሐላችን ዘረጋችው።

እኛ አገር ጆንያ ማለት የገዳሪፍ ሸዋል ነው። ከድንበሩ ማዶ ይመጣል፣ ሽመናው ድርብ ነው፣ የጫኝ መንጠቆ አይበሳውም። አንዱን ሸዋል አባት ሞልቶት ልጅ ይወርሰዋል። ላዩ ላይ በአረንጓዴ ቀለም ግመል አለ፤ ከግመሉ ሥር በትልልቅ የዓረብኛ ፊደል «የሱዳን ሰሊጥ፣ ገዳሪፍ» ይላል። ግማሹ ሰው ዓረብኛ ያነባል፤ ጆንያ የሚያነብ ግን የለም። ሰሊጥ ገዢ እጁን ከጆንያው ውስጥ ይከታል እንጂ ላዩን ምን ብሎ ያያል?

ዘሀቢያ ቀስ ብላ የተጻፈውን ነገረቻት። ፅዮንም፣ ወረቀቱ የኢትዮጵያ ይላል፣ ጆንያው የሱዳን ይላል፤ እንግሊዞቹ ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያዩ ያግዱታል፣ ገዢውም ይመልሰዋል አለች። መኪናው ጎንደርን ሳያልፍ አስቁሙት።

ሷሊህ ተነስቶ ጀለቢያውን አራገፈ። መኪናውን አስቁሙ፤ እኔ አልከለክልም አለ። ግን ፊቱን ወደ መተማ ካዞረ ጭነቱ ተመለሰ ማለት ነው፤ ፋቲሃችን የባሕርና የየብስ ብሎ አልለየም።

የሷሊህን ነገር ያኔ አደነቅሁት። ሰው ሲከፋ እንዲህ በሥርዓት ይክፋ።

እንግዲህ መኪናው ሳይመለስ፣ እዚያው የቆመበት ላይ ጆንያ መለወጥ አለበት። መተማን ብትበረብር የምታገኘው ያው ባለ ግመሉን ሸዋል ነው። ዘሀቢያ ዞር ብላ አየችኝ። ዓይኗ ቀልቷል፣ ድምፅዋ ግን ደርቋል።

«አያ መለሰ፣ ‹አሥር ሺህ ጽሕፈት የሌለበት አዲስ ጆንያ ጎተራዬ አለ› እያልክ ስትምል ከርመሃል። ውሸት ከሆነ አሁኑኑ ንገረኝ፤ አልቀየምህም።»

እኔ መለሰ በሕይወቴ እንዲህ ተከብሬ አላውቅም። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ክረምት ላይ ዘንድሮ ሰሊጤን ጎንደር አይችለውም ብዬ ለአገሩ ሁሉ አውጄ፣ ለዚያ የሚመጥን ነጭ ጆንያ ከጎንደር አስጭኜ ነበር። ዝናቡ አዋጁን አልሰማም። ሰሊጤ አነሰ ማለት አይደለም፤ ጆንያው በዛ። «ኮኪት ነው ያለው፤ ተነሺ» አልኳት።

ሹፌሩ ፈረደ ስልኩ አይነሳም። ግን ፈረደን የማናውቀው መሰላችሁ? የቆላ ሹፌር በቀትር ዳገት አይወጣም፤ ጎማው ይቀልጥበታል። ገንዳ ውኃ ከተማ ሲደርስ ከሮቃው ዛፍ ሥር ያቆምና ስልኩን ዘግቶ ከመኪናው ሆድ ሥር ይተኛል፤ ፀሐይ ስትበርድ ይነሳል። ያች ፀሐይ ሳትበርድ መድረስ ነው። በእኔ ፒካፕ ተሳፈርን፤ ሷሊህም መኪናው ፊቱን አለማዞሩን ልይ ብሎ ከኋላ ወጣ። ኮኪት ጆንያውን ስንጭን፣ ክምሩ በአፌ ሲነገር የነበረውን ያህል አልሆነም። ዘሀቢያ አየችው፣ እኔንም አየችኝ፣ መጫኗንም ቀጠለች። ከዚያ ነዳሁ። እንዴት እንደነዳሁ የሚያውቀው መንገዱ ነው፤ ያነሳሁት አቧራ እስካሁን ሱዳን ላይ እየወረደ ነው ይባላል።

ገንዳ ውኃ ስንደርስ ፈረደ እግሩ ብቻ ከመኪናው ሥር ይታያል። ያንን እግር ሳይ የዘመድ ያህል ደስ አለኝ። ጎትተን አስነሳነው። ሥራ ፈተው ጥላ የያዙ የጎጃም ልጆች ነበሩ፤ ሸራ አነጠፍን፣ ባለ ግመሉን እየዘረገፉ ነጩን ይሞላሉ፣ ዘሀቢያ በጆንያ መርፌ አፉን ትሰፋለች። እኔ አመራር እሰጥ ነበር። ያለ አመራር ምን ይሆናል?

ሥራው ሊጋመስ ሲል ነፋስ ተነሳ። ሸራው ጥጉ ተገለበጠና ሰሊጡ እንደ ጭስ ብን ማለት ጀመረ። ዘሀቢያ መርፌዋን ጥላ በደረቷ ወደቀችበት። ያኔ ነው ሷሊህ፣ ሲመለከት ቆይቶ፣ ዘሎ ሸራው ጥግ ላይ የተዘረጋው። ከነጀለቢያው። ሰሊጥ ሲበተን ዝም ብሎ ማየት የቆላ ሰው አይችልበትም፤ የጠላቱም ቢሆን። ነፋሱ እስኪያልፍ ሁለቱ እዚያ አፈር ላይ ፊት ለፊት ተጋድመው ቀሩ። ሲነሱ ሷሊህ ጢሙ ሰሊጥ ሞልቶታል። ሌላ መርፌ አለ ወይ ብሎ ጠየቀ።

ሰሊጡ ሁሉ ተሞልቶ አለቀ። ነጭ ጆንያ አንድ ብቻ ተረፈ። ፈረደ እሱን አንስቶ እያገላበጠ፣ ጋሼ መለሰ፣ አሥር ሺህ ሲባል አልነበር ወይ አለኝ። ሌላው ቤት ነው አልኩት። መኪናው ፊቱን ሳያዞር፣ ሽቅብ ወደ ጎንደር ወጣ፤ ዘሀቢያ ከዓይኗ እስኪሰወር ቆማ ሸኘችው።

ከዚያ በኋላ ያለው መጠበቅ ነው። ባሕሩን እኔም ላቻኩለው አልቻልኩም። ፅዮን የደወለች ቀን ሁላችንም ያው ሱቅ ደጃፍ ነበርን። እንግሊዝ ወርዷል፤ ወረቀቱና ጆንያው ተያይተዋል፤ ማንም ምንም አላለም፤ ገዢው ለመጪው ዓመትም ይፈልጋል አለች። ዘሀቢያ ስልኩን ዘጋችና በረጅሙ ተነፈሰች። ከመኸር ጀምሮ ተይዞ የቆየ ትንፋሽ ይመስለኛል። ከዚያ ሻሿን ፊቷ ላይ አድርጋ ሳቀች፤ ሳቋ እንባ ነበረበት፣ ግን ሳቅ ነበር።

ሷሊህ ኸላስ፣ በቃ አለ፤ እርሻው የእሷ ነው፣ ሽማግሌ ምስክር ነው። ከዚያም መሬት መሬቱን እያየ፣ ለከርሞ የእኔንም ሰሊጥ አብረሽ ብትልኪልኝ አላት። ዘሀቢያ ጆንያህን ካየሁት በኋላ አለችው።

እኔ ይህን ስሰማ እንዴት ዝም እላለሁ። ለከርሞ ሃያ ሺህ ነጭ ጆንያ አዝዣለሁ አልኩ። ደጃፉ በሳቅ ፈረሰ፤ አንዱ ትራክተሯን ጠራ፣ አንዱ የእንግሊዙን ሬዲዮ ጠራ። ዘሀቢያ እጇን አንስታ ዝም አሰኘቻቸው።

«ተዉት ይዋሽ» አለች። «ያስፈልገናል።»