ስድስቱ የክሮሚየም መልሶች

ኤጄታ አምቦ ሲማር ሁለት መምህራን ኮሪደር ላይ ሲጨዋወቱ ሰምቶ ነበር። «ክሮሚየም ግን እምቢ ይላል» አለ አንደኛው። «እሱ ደግሞ ምን ሆኖ ነው?» አለች ሌላዋ፤ ወይም እንዲህ ያለች ይመስለዋል። የተመለሰላት ነገር በሳቅ ተዋጠ። ጠጋ ብሎ ለመጠየቅ አፈረ። ዓመታት አልፈው ጌዶ ላይ የኬሚስትሪ አስተማሪ ሲሆንም፣ እምቢታው ምን እንደነበር ሳያውቅ ቀረ።

ሲያስተምር ደንቡን እንደ ዳዊት ያስደግም ነበር፦ ኤሌክትሮኖች መጀመሪያ አራት ኤስ የሚባለውን ማደሪያ ሁለት ሆነው ይሞላሉ፣ የተረፉት ሦስት ዲ ወደሚባሉት ይገባሉ። ክሮሚየምንም በዚሁ ደንብ ሁለቱን ኤስ ላይ፣ አራቱን ዲ ላይ አስቀምጦ ያልፋል።

በ2007 ዓ.ም. ፈተና ሲያርም ታዲያ ስድስት ወረቀት ላይ አንድ መልስ አገኘ፤ አንዱ ኤስ ላይ፣ አምስቱ ዲ ላይ። ስድስቱም ለንሳ የምትባል ተማሪ የምትመራው አንድ ለአምስት ቡድን ናቸው። ያኔ በየክፍሉ አንድ ጎበዝ ተማሪ አምስት ጓደኞቹን ይዞ ያስጠና ነበር። ለንሳ አስጠንታቸው ይሆናል ብሎ አላሰበም። ስድስት ሰው አንድ ዓይነት ስህተት ከሠራማ ተኮራርጀዋል አለ። ሰኞ ጠዋት፣ ባንዲራ እንደተሰቀለ፣ ስድስቱን ከሰልፍ አውጥቶ «እነዚህ ሌቦች ናቸው!» አለ። ዜሮም ሰጣቸው።

ብዙም ሳይቆይ ስለ መዳብ ለማስተማር ሲዘጋጅ፣ ሁልጊዜ «ይህ አያስፈልግም» እያለ የሚዘለውን የመጽሐፉን የግርጌ ማስታወሻ አነበበ። ክሮሚየም ከኤስ አንዷን ወስዶ አምስቱንም የዲ ማደሪያዎች አንዳንድ ኤሌክትሮን ያስይዛል፤ እንዲያ ሲሆን ይረጋል። መዳብም አንዷን ወስዶ ዲን ሙሉ ያደርጋል። አምቦ የሰማው እምቢታ ይህ ኖሯል፤ ስድስቱም ልክ ነበሩ።

ውጤቱን በጓሮ በር አስተካከለና ዝም አለ። ቤተ ክርስቲያን ግን «ጌታ ሆይ» ብሎ ሲጀምር፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ቃል ይጠፋበት ጀመር። ከስድስቱ አንዱን፣ ቀንዓን፣ አባቱ «ለሌብነት ደብተር አልገዛም» ብሎ ከትምህርት ቤት አስወጥቶ ከብት ንግድ ላይ እንዳሰማራው የሰማ ዕለት ደግሞ ለንሳን ፈልጎ ሊያናግራት ቆረጠ።

ቅዳሜ ገበያ ወጣ። ለንሳን እናቷ ሲንቄ ድንች የምትሸጥበት ቦታ አገኛት።

«አካም ጅርቱ፣ ኦቦ ኤጄታ» አለች ሲንቄ በኦሮምኛ ሰላም ስትለው። «ድንቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ ተኮራርጆ እንዳይመስልዎት።»

ኤጄታ ወደ ልጅቷ ዞረ። «ለንሳ፣ ልክ ነበራችሁ። ውጤታችሁንም አስተካክያለሁ።»

«አይቻለሁ ቲቸር። ያስጠናኋቸው እኔ ነኝ። ‹አንድ አልጋ ላይ ሁለት ሆኖ ከመጋፋት፣ አምስቱም አልጋ ላይ አንዳንድ ሰው ቢተኛ ሰላም ነው› ብዬ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ልናገር ስል ‹ዝም በይ› አሉኛ!»

ኤጄታ መሬት መሬት አየ። «ይቅር በይኝ።»

«እኔስ ይቅር ብያለሁ። ቀንዓስ? አባቱ ወረቀት አያምንም። ያመነው እርስዎ ሰልፍ ላይ ያሉትን ነው።»

«አባቱን ዳይሬክተሩ ቢሮ አስጠርቼ ብነግረውስ?»

«የሰደቡን ቢሮ ውስጥ አይደለም።»

«በዚያ ሁሉ ተማሪ ፊት ተሳስቻለሁ ካልኩ፣ ከዚያ በኋላ ማን ይሰማኛል?»

«ልጁንስ ማን ሰማው?» አለች ሲንቄ፣ ድንች ለምትመርጥ ሴት ዘንቢሏን እየያዘችላት።

ኤጄታ ቁልቁል ተመለከተ። ከታች፣ ከብት ተራው ጋ፣ የቀንዓ አባት ኦቦ ዱጋሳ የአንድ ወይፈን አፍ ከፍቶ ጥርሱን ያያል። ቀንዓ ገመዱን ይዞ አጠገቡ ቆሟል። አስተማሪውን ሲያይ ፊቱን አዞረ።

«እሺ» አለ ኤጄታ በመጨረሻ። «ሰኞ ባንዲራ እንደተሰቀለ ወጥቼ፣ ያላወቅሁት እኔ እንደሆንኩ እናገራለሁ።»

«አባቱ በሌለበት?» አለች ለንሳ።

«አይደለም። አሁኑኑ ወርጄ፣ መጥቶ እንዲሰማ እለምነዋለሁ።»