የኅዳር እንሶስላ

ዑምኩልሱም አበባ ትወዳለች ማለት ነገሩን ማሳነስ ነው። ሐይቅ ከተማ ውስጥ የተጣለ የዘይት ጀሪካን፣ የተበሳ ባልዲ፣ እጀታው የወለቀ ድስት ካለ እሷ ግቢ ገብቶ አበባ ሲያበቅል ይገኛል። ባሏ ኑርዬ «ከእኔ ይልቅ ለጽጌረዳዋ ታዝናለች» እያለ ሰው ፊት ያማታል፤ ሐሰቱን አልነበረም። ከሁሉ የምትሳሳለት ግን በአጥሩ ሥር ላለው የእንሶስላ መደብ ነው። ሐምሌ ሲገባ ነጭ አበባውን ይዘረጋል፤ ጥቅምት ሲያልቅ ቅጠሉ ይገረጣል። ያኔ ሥሩ ተቆፍሮ፣ ተልጦና ተወቅጦ የሴቶች እጅና እግር ይቀላበታል። መጀመሪያ ሥሩን የሰጠቻት ጎረቤቷ እትዬ ስህን ናት። ዑምኩልሱምም በፈንታው የጽጌረዳ ቅርንጫፍ ቆርጣ ሰጠቻት። ሁለቱ በአጥሩ ቀዳዳ ችግኝና ወሬ ሲቀባበሉ ዓመታት አልፈዋል።

በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ላይ ጦርነቱ ሐይቅ ገባ፤ ታጣቂዎች ከተማዋን ያዙ። መሮጥ የቻለ ወደ ደሴ፣ ከደሴም ወዲያ ሮጠ። ኑርዬ ባጃጅ ገጭቶት እግሩ በጄሶ ታስሮ ነበርና አልቻለም፤ እሷስ እሱን ጥላ የት ትሄዳለች? በራቸውን ዘግተው ተቀመጡ። መብራት ጠፋ፣ ስልክ ጠፋ፣ ቧንቧው ደረቀ። አልጋው ሥር ደግሞ የኑርዬ የሚሊሻ ክላሽ ነበር።

«ይቺን ካገኙብን አለቀልን» አለ ኑርዬ።

ዑምኩልሱም ጎህ ሲቀድ ዶማ ይዛ ወጣች። ዝናቡ ከቆመ ወዲህ ግቢው ድንጋይ ሆኗል፤ ለዶማ እሺ የሚለው የእንሶስላው መደብ ብቻ ነበር። ክላሹን በላስቲክ ጠቅልላ እዚያው ቀበረችው።

«ለማንም አልናገርም፣ ወላሂ በይኝ» አላት ባሏ። «ለስህንም ቢሆን።»

«ወላሂ» አለች። ያኔ ቀላል መስሏት ነበር።

ሳምንት ሳይሞላ እትዬ ስህን በአጥሩ ቀዳዳ ጠራቻት። ፊቷ አመድ መስሏል።

«ታረቀኝ የለም» አለች። ልጇ ወታደር ነበር፤ አብሮት የዘመተ ጓደኛው በጫካ አቆራርጦ መጥቶ መርዶውን ነግሯት አለፈ። «ድንኳን አልጥል፣ አልጮህ ነገር። የወታደር እናት መሆኔን ካወቁ ምን እንደሚያደርጉኝ እንጃ። ያወቅሽው አንቺ ብቻ ነሽ፣ እህቴ።»

ዑምኩልሱም እጇን በቀዳዳው አስገብታ የስህንን እጅ ያዘች። ድምፅ እንዳይወጣቸው ሁለቱም ነጠላቸውን ነክሰው አለቀሱ። ታረቀኝን በልጅነቱ እሷም አዝላዋለች።

በማግስቱ ፍተሻ ተጀመረ። ላይ ሰፈር ታጣቂዎቹ አዲስ የተቆፈረ አፈር አይተው መሣሪያ አወጡ፣ ባለቤቱንም ይዘውት ሄዱ ተባለ። ዑምኩልሱም መደቧን አየች። አፈሩ ገና ከሩቅ ይጮሃል። በኅዳር የእንሶስላ መደብ ለምን እንደሚቆፈር የማያውቅ የለም፤ ግን የቆፈረች ሴት እጇ ካልቀላ ምኑን ቆፈረችው?

ሥሩን ለቅማ ላጠች፣ በሎሚ ወቀጠች፣ እጇ ላይ ለጥፋ በጉሎ ቅጠል አሰረችው። እያሰረች ታለቅስ ነበር። ለቅሶ ባለበት አጥር ሥር እጅ ማቅላት! እንዲህ ያለ ነውር በዘሯ አልተሠራም። ቀለሙ ምነው ዘንድሮ እንኳ እምቢ ቢለኝ ብላ ተመኘች፤ ስትፈታው ግን የሙሽራ እጅ ሆኖ ወጣ። እንደዚያ ዓመት ደምቆ አያውቅም።

ታጣቂዎቹ መጡ። አንደኛው አፈሩን በጫማው ጫር ጫር አደረገና «ይሄ ምንድን ነው?» አላት።

ሁለት እጇን ዘረጋችለት። «እንሶስላ ነው፣ ወንድሜ።»

ሳቀ። «ሰዉ ያልቃል፣ አንቺ ትሞሸሪያለሽ!» አለና ጓዶቹን አስከትሎ ወጣ።

ኑርዬ ከውስጥ «አልሃምዱሊላህ» ሲል ሰማችው። እሷ ግን ዓይኗ አጥሩ ላይ ቀርቷል። እትዬ ስህን ቀዳዳው ላይ ቆማ የቀሉትን እጆቿን ታያለች።

«እትዬ…» አለች። ስህን ጀርባዋን ሰጥታት ገባች። ከሰዓት በኋላ ቀዳዳው በእሾህ ተደፈነ።

ዑምኩልሱም እጇን በአመድ ፈተገችው፣ በአሸዋ ፈተገችው። ቆዳዋ ተላጠ እንጂ ቀለሙ ንቅንቅ አላለም። ከእሾሁ ማዶ ስህን አፏን አፍና ስታለቅስ ትሰማለች፤ ውጭ ታጣቂ፣ ውስጥ ወላሂ፣ መሄጃ የለ።

«ልንገራት እንጂ» አለችው ኑርዬን።

«ልጇ የሞተባት ሴት ናት። ንዴት ምን እንደሚያናግራት በምን ታውቂያለሽ?»

የስህንን ምስጢር ለባሏ ስትነግር አላመነታችም ነበር። የባሏን ለስህን መንገር ሲመጣ ግን ዝም አለች። አልተከራከረችውም። እውነቱ ይሄ ነው፤ በኋላ ያቃጠላትም ይሄው ነው።

ኅዳር ሲያልቅ ታጣቂዎቹ ከተማዋን ለቀው ወጡ። የወልድያው መንገድ ላይ ሚኒባስ ጡሩምባውን ነፋ፣ ሰዉ እልል አለ፣ ስህን ደጅ ድንኳን ተተከለ። ዑምኩልሱም ክላሹን አውጥታ ለኑርዬ ሰጠችና በቀጥታ ወደዚያው ሄደች። እጇ ገርጥቷል፤ ጥፍሯ ግን እንደቀላ ነው። ስህንን ለብቻዋ ጠርታ ሁሉንም ነገረቻት።

ስህን የዑምኩልሱምን ጥፍሮች አየች።

«ያበድሽ መስሎኝ ነበር» አለች። «ብታብጂ ይሻለኝ ነበር። እኔ የልጄን ሞት አምኜሽ፣ አንቺ አንዲት ብረት አታምኚኝም?»

«አፉ በይኝ፣ እትዬ።»

«እሺ» አለች ስህን። ለሩቅ ሰው የሚባል እሺ ነበር።

እሾሁ አልተነሳም። ሐምሌ ላይ አፈር ውስጥ የቀሩት ሥሮች ማንም ሳይተክላቸው በቀሉ። አንደኛው በእሾሁ መሃል ሾልኮ ስህን ግቢ ውስጥ አበበ፤ ዑምኩልሱም የሚታያት ግንዱ ብቻ ነው። ጠዋት ስትነሳ መጀመሪያ የምትሄደው ወደ አጥሩ ነው፣ ተነቅሎ እንደሆነ ልታይ። እስካሁን አልተነቀለም።