ጎታቹ ጋ የሚቆመው ሰው

ሽማግሌው ቪንሰንስ ተራራውን አንድ ጊዜ እንኳ ቀና ብለው አላዩም። ከመጡ ግማሽ ሰዓት ሆኗቸዋል፤ እጃቸውን ወደኋላ አጣምረው፣ አንገታቸውን ወደ አንዲት የእንጨት ጎጆ መስኮት አስግገው ቆመዋል። ምራታቸው ቡርጋ ከአጠገባቸው እግሯን እያቀያየረች በረዶውን ትረግጣለች። ብርዱ ከጫማዋ አልፎ አጥንቷ ዘልቋል። ሰውየው ምን እንደሚያዩ ቢነግሯት ምን ነበረበት!

እሷ ማየት የፈለገችውን አይታ ጨርሳለች። ግላንዝታል ለልጅ ተብሎ የተሠራ የበረዶ መንሸራተቻ ቦታ ነው። ሕፃናቱ ሽቅብ የሚወጡት በገመድ እየተጎተቱ ሳይሆን በራሱ በሚሄድ የጎማ ምንጣፍ ላይ ቆመው ነው፤ ምንጣፉም ነፋስና በረዶ እንዳይነካቸው በመስታወት ተከልሏል። የድብ ልብስ የለበሰ ሰው እየዞረ ይጨብጣቸዋል። አስተማሪዎቹ ቀይ፣ ልጆቹ ቢጫ ሰደርያ ለብሰዋል፤ አንዱ ቢጠፋ ከሩቅ ይታያል። የምግብ ቤቱ ወንበሮች ሳይቀሩ በልጅ ቁመት ናቸው። ቡርጋ በሐሳቧ ክፍሉን ይዛ፣ ሻንጣውን አሽጋ፣ ልጇን ሎኒን ቢጫውን ሰደርያ አልብሳት ነበር።

ሎኒ ሰባት ዓመቷ ነው። በእነሱ ሸለቆ ሰባት ዓመት ሞልቶት በበረዶ ሸርተቴ መንሸራተት የማይችል ልጅ የለም፤ ከሎኒ በቀር። ትምህርት ቤቱ በየዓመቱ ልጆቹን ለአንድ ሳምንት ተራራ ይወስዳቸዋል። አምና ጓደኞቿ እየዘፈኑ አውቶቡስ ሲሳፈሩ እሷ ከመዋዕለ ሕፃናት ልጆች ጋር ተቀምጣ ሥዕል ስትቀባ ሰነበተች። ዘንድሮ መሄጃው ሲቃረብ ማታ ጥርሷን እየቦረሸች፣ «እማዬ፣ እኔ ሞኝ ስለሆንኩ ነው የማልሄደው?» ብላ ጠየቀች። ቡርጋ የዚያን ምሽት እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም።

ቃሉ ከየት እንደመጣ ታውቃለች። ባሏ ሩፐርት ቀኝ ጉልበቱ አይታጠፍም፤ ሲሄድ ያነክሳል። በሰባት ዓመቱ፣ ተንሸራታቾችን ዳገት የሚያወጣው ጎታች ገመድ ነው የጎዳው። ታሪኩን ሲያወራ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ቃል ነው፦ የጃኬቱን ማንገቻ በገዛ እጁ ከጎታቹ ዘንግ ጋር አሰረ፣ ለጨዋታ፤ መውረጃው ላይ መላቀቅ አቃተውና ገመዱ ጫፍ ላይ እስካለው መዘውር ድረስ እየጎተተ ወሰደው። «ሞኝ ልጅ ነበርኩ» ይላል። «ልጅ ገመድ ካየ እጁ አያርፍም። ሎኒ ደግሞ የእኔው ልጅ ናት።» እባብ ያየ በልጥ በረየ ብላ ቡርጋ ለዓመታት አልተጫነችውም። የማን ጎታች እንደነበር እንኳ ጠይቃው አታውቅም።

ከሁለት ሳምንት በፊት ግን የሎኒን ጥያቄ ነገረችው። ሩፐርት ግማሹን እሺ አለ። የትምህርት ቤት ዕረፍቱ ሲጀምር እናት፣ አባትና ልጅ አብረው ይሄዳሉ፤ ቦታውን ግን ቡርጋ ራሷ ሄዳ፣ በዓይኗ አይታ ትመርጣለች። «ከዚያ ማታ መጥተሽ ዓይን ዓይኔን እያየሽ፣ ልጄ እዚያ ምንም አትሆንም በይኝ። ካላልሽኝ ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃል፤ ሁለተኛ እንዳታነሺብኝ።» ዕረፍቱ ቅዳሜ ይጀምራል። አገሩ ሁሉ ሞልቶ ሁለት ክፍል ብቻ ተገኝቷል፤ አንዱ ግላንዝታል፣ ሌላው ኤርለክ የሚባል ትንሽ ቦታ። ሁለቱም በስሟ የተያዙላት እስከ ዛሬ አሥር ሰዓት ነው። ቡርጋ የሜዳ አገር ልጅ ናት፤ በረዶን የምታውቀው ከደጃፍ ስትጠርግ ነው። ስለዚህ አማቷን ይዛ መጣች። ቪንሰንስ ሠላሳ አንድ ዓመት ጎታች ገመድ ላይ የሠሩ ሰው ናቸው።

ምንጣፉ ጫፍ ላይ አንዲት ልጅ ወደቀች። ምንጣፉ በራሱ ጊዜ ቀጥ አለ። ልጅቷ ሸርተቴዋን እየጎተተች ተነሳች፤ ምንም አልሆነችም። ጎጆው ውስጥ የተቀመጠው ሠራተኛ ከስልኩ ቀና ብሎ፣ ምን እንደሆነ ሳያይ፣ ቁልፉን ተጭኖ መልሶ አስነሳው።

ቡርጋ በድል አድራጊነት ወደ አማቷ ዞረች። «አዩ አባባ? ራሱ ነው የሚቆመው።»

«ማሽኑ አየ» አሉ ሽማግሌው። «ሰውየውስ?»

መልሷንም አልጠበቁ፤ ወደ መኪናው አዘገሙ። ቡርጋ ተናደደች። እኚህ ሰው ድሮውንም ነገር የሚወጣላቸው አይደሉም፤ ዛሬ ደግሞ ጭራሽ አባሰባቸው። ያም ሆኖ ኤርለክን ሳታይ መምረጥ ሩፐርት ፊት አያስቆማትም፤ ሞተሩን አስነሳች።

መንገድ ላይ ሩፐርት ደወለ። አንድ ቦታ ማየት እንደቀራቸው ነገረችው። እሱም ሎኒ ከጎረቤት የሸርተቴ ጫማ ተውሳ ከጧት ጀምሮ ወለሉን እንደ በቅሎ እየደበደበችው መሆኑን አወራላት። «አባዬ ምን ይላል?» ሲል ጠየቀ። ቡርጋ ጎን ለጎን ወደተቀመጡት ሰውዬ ተመለከተች። በመስኮት ወደ ውጭ እያዩ ነበር። ገና ምንም እንዳላሉ መለሰችለት።

ኤርለክ ሲደርሱ የቡርጋ ልብ ቁልቁል ወረደ። አንድ የእንግዳ ማረፊያ፣ አንድ ዳገት፣ አንድ አሮጌ ጎታች። ድብ የለ፣ ምንጣፍ የለ። የብረት ገመዱ እያቃሰተ ይዞራል፤ ከገመዱ የተንጠለጠሉት ዘንጎች እየተወዛወዙ ይወርዳሉ፤ ልጆቹ በሸርተቴያቸው ላይ እንደቆሙ ዘንጉን ከመቀመጫቸው ሥር እያደረጉ ይጎተታሉ። ልክ የባሏን ጉልበት የሰበረው ዓይነት ነው። እዚህማ አይሆንም፣ አለች በሆዷ።

ከዚያ የጎታቹን ሠራተኛ አየቻት። ስልሳ ዓመት የሚሆናት፣ ጉንጯ ብርድ የበላው ሴት ናት፤ ልጆቹ ዜንዚ እያሉ ይጠሯታል። ጎጆዋ ባዶ ነው፤ እሷ ውጭ በረዶው ላይ ቆማለች። የእያንዳንዱን ልጅ አንገት ልብስ ከኮሌታው ሥር ትወትፋለች፣ የተንጠለጠለ ማሰሪያ ካለ ኪስ ውስጥ ትከታለች፣ ከዚያ ዘንጉን በእጇ ይዛ ታቀብላለች። የአንዱን ልጅ አፍንጫ በጓንቷ ጠርጋ፣ «ይሄን ለእናትህ ውሰድላት እንጂ» ስትለው ወረፋው በሙሉ ሳቀ። ግራ እጇ ግን ጎታቹን ከሚያቆመው ገመድ አይለይም። ዳገቱ መሐል አንድ ልጅ ተንገዳገደ። ገና መሬት ሳይነካ ጎታቹ ቆመ። ልጁ ሚዛኑን ጠበቀ፤ ጎታቹ ቀስ ብሎ ቀጠለ። ልጁ ራሱ የሆነውን ያወቀ አይመስልም።

ቡርጋ «አዩ?» ልትል ዞር ስትል አማቷ የሉም። ከመኪናው ኋላ፣ ጀርባቸውን ለጎታቹ ሰጥተው ቆመዋል። ባርኔጣቸውን አውልቀው በሁለት እጃቸው ይዘውታል።

«አመመዎት እንዴ?»

«ሎኒን እዚህ አምጫት» አሉ ሳይዞሩ። «ይቺ ሴት ታያለች። ልብ ካላየ ዓይን አያይም። እኔ አላየሁም ነበር።»

ቡርጋ ነገሩ ወዲያው አልገባትም። ሽማግሌው ቀስ በቀስ፣ አንዳንዴም ቃሉ እየጠፋባቸው፣ ነገሯት። ሩፐርትን የጎተተው ገመድ እሳቸው ይሠሩበት የነበረው ነው። ያኔ ጎታቹ የሚሠራው በፔዳል ነበር፤ ሠራተኛው እግሩን ፔዳሉ ላይ እንዳሳረፈ ይጠብቃል፣ ካነሳ ገመዱ ይቆማል። ብርድ ነው፣ ቀኑ ረጅም ነው፤ ሠራተኞቹ ሁሉ መላ ነበራቸው። አንዱ ድንጋይ፣ አንዱ የቢራ ሳጥን ፔዳሉ ላይ አስቀምጦ ምድጃው ጋ ይቀመጣል። የቪንሰንስ መላ ደግሞ የመንገድ በረዶ ማቅለጫ ጨው የሞላበት ከረጢት ነበር። የልጁ ጃኬት ማንገቻ በራሱ ጊዜ ዘንጉ ላይ ሲጠመጠም እሳቸው ጀርባቸውን ሰጥተው ድንች ይጠብሱ ነበር። ጩኸት ሰምተው ሲዞሩ ልጃቸው መዘውሩ ሥር ነው።

«ሐኪም ቤት ሳናደርሰው፣ አምቡላንስ ውስጥ ጆሮው ላይ ጎንበስ ብዬ፣ ራሴ አሰርኩት በል አልኩት። ከሥራ ያባርሩኛል፣ ያስሩኛል ብዬ ፈራሁ። እሺ አባዬ አለኝ። ሲጠይቁት እንዳልኩት መለሰ። ለአንድ ሳምንት ብዬ ነበር፣ ነገሩ እስኪበርድ። ከዚያ አንድ ቀን ስሰማው ለጓደኞቹ ሲያወራ፣ ሞኝ ነበርኩ ይላል። አምኖታል። እኔም ተውኩት።»

«ሠላሳ ሦስት ዓመት?»

«ሠላሳ ሦስት።»

ቡርጋ ልትመታቸው ቃጣት። ያ የማይታጠፍ ጉልበት ብቻ ቢሆን ምናለ! ሩፐርት ስለ ጉልበቱ በተናገረ ቁጥር ራሱን የሚያዋርድበት ያ ቃል፣ አሁን ደግሞ ወርዶ ሎኒ አፍ ውስጥ የገባው ቃል፣ ከዚህ ሰውዬ አፍ የወጣ ነው። ሰዓቷን አየች፤ ለአሥር ሩብ ጉዳይ። ዝም ብላ ቤቷ ገብታ፣ የሩፐርትን ዓይን እያየች፣ ኤርለክ ጥሩ ነው ልትለው ትችላለች። አትዋሽም። ሎኒም ትሄዳለች። አባቷ ግን ሙሉ ሳምንት ወረፋው ዳር ቆሞ፣ የልጁን እጅ እንደ ሌባ እጅ እየጠበቀ ይሰነብታል።

ስልኳን አውጥታ ኤርለክ ደወለችና ክፍሉን ያዘች። ከዚያ የመኪናውን በር ከፈተችላቸው።

«ማታ የምናገረው አለኝ፤ እናገራለሁ። ከእኔ በፊት ግን እርስዎ ይነግሩታል።»

«ልጄን አጣዋለሁ፣ ቡርጋ።»

ቡርጋ ገብታ ቀበቶዋን አሰረች። ቪንሰንስ ውጭ ቆመው ትንሽ ቆዩ፤ ባርኔጣቸውን አራግፈው ገቡ።

ቤት ሲደርሱ ገና ድንግዝግዝ ነበር። ሩፐርት በሩን ከፍቶ ጠበቃቸው። ሎኒ የተዋሰችውን ጫማ እንዳደረገች ከኋላው ቆማለች፤ ጫማው እስከ ጉልበቷ ደርሷል። ሩፐርት ሰላምታም አላስቀደመ።

«ጎታች ነው ምንጣፍ?»

«ጎታች» አለች ቡርጋ።

ፊቱ ተለዋወጠ። አንድ እርምጃ ወደኋላ አለና እጁን የሎኒ ትከሻ ላይ አሳረፈ። ቡርጋ ወደ ጎን ዞር ብላ ለአማቷ መንገድ ለቀቀች። ሽማግሌው የበሩን ደፍ አላለፉም። በረዶው ትከሻቸው ላይ እያረፈ፣ ባርኔጣቸውን ይዘው፣ ተናገሩ። አላስረዘሙትም። ስለ ብርዱ፣ ስለ ሌሎቹ ሠራተኞች ምንም አላነሱም። ፔዳሉን፣ ከረጢቱን፣ አምቡላንሱን ብቻ።

ከጣራው የቀለጠ በረዶ ጠብ ጠብ ይላል። ሩፐርት አባቱን አያይም፤ ወለሉን ነው የሚያየው።

«ከረጢቱ ውስጥ ምን ነበር?» አለ በመጨረሻ።

«ጨው።»

ሩፐርት ይህንኑ የሚያውቅ ይመስል ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ የማይታጠፈውን እግሩን ወደ ጎን ዘርግቶ፣ በሌላው ጉልበቱ፣ ግድግዳውን እየተደገፈ፣ ልጁ ፊት ዝቅ አለ። ቡርጋ ልትረዳው ተንቀሳቅሳ ተወችው። የጫማውን ማጥበቂያ አንድ በአንድ ዘጋላት።

«ሎኒ፣ ዘንጉ ላይ ምንም ነገር አታስሪም፣ አይደል?»

«እንዴ አባዬ፣ ለምን ብዬ አስራለሁ?»

«እኔም አላሰርኩም» አላት።

ቀና ሲል አባቱ አሁንም በረዶው ውስጥ ቆመዋል፤ ብርዱ ቤቱን ሞልቶታል፤ ሩፐርት ግን በሩን አልዘጋባቸውም።