ከፓፓያው ሥር የተቀበረው

ባሏ ኢተፋ ስምንት ወር ታስሮ የተፈታ ዕለት ሙሉብርሃን «እንግዲህ የቀረኝ ፍርሃት የለም» ብላ ነበር። የዋህ ናት። ፍርሃት እንደ ጤፍ ዱቄት የሚሟጠጥ ነገር አይደለም፤ አለቀ ሲሉት ከጓዳ ሌላ ይወጣል። ለሷ የወጣላት ደግሞ በውሻዋ በዳማ በኩል ነው።

ኢተፋ መምህር ነው፤ ሃይማኖቱ ጴንጤ። የታሰረውም ሰው ገድሎ ወይም ሰርቆ አልነበረም። በቀበሌ ስብሰባ ላይ ሕዝቡ ሁሉ ግራ እጁን አንሥቶ «ከሁሉም በላይ አብዮቱ!» ሲል እሱ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ዝም ስላለ ነው። ሲጠየቅም «ከሁሉም በላይ ያለውን አውቀዋለሁ» ብሎ መለሰ። ሲፈታ ወረቀት አስፈረሙት፤ ዳግመኛ ቤቱ ውስጥ ሰው ቢሰበስብ ወይም አብዮቱን በቃልም ሆነ በሥራ ቢያንቋሽሽ ምሕረት እንደማይጠይቅ። በሰባ ዓመተ ምሕረት ናዝሬት ውስጥ ሁለተኛ የተወሰደ ሰው እንደማይመለስ ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቅ ነበር።

ዳማ ወደ ቤት የመጣችው ኢተፋ በተወሰደ ሳምንት ነው። አንድ ባለጋሪ የሰጣት ቡናማ ቡችላ ነበረች። ያን ስምንት ወር ከሙሉብርሃን አልጋ ግርጌ ስትተኛ፣ ኮሽ ባለ ቁጥር ስትጮህ፣ የቤቱ ወንድ እሷ ሆነች። ስለዚህ ኢተፋ ተመልሶ «ይቺን ደግሞ ከየት አመጣሻት?» ሲል ሚስቱ በቁጣ ነበር የመለሰችለት። «አንተ ስትታሰርብኝ በሩን የጠበቀችልኝ እሷ ናት!»

በጥር ወር ዳማ ወንድ የምትፈልግበት ጊዜዋ ደረሰ። የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ማን ሹክ እንዳለው እንጃ፣ በራፉ ላይ ዘጠኝ ሆኖ ተሰለፈ። ይነካከሳል፣ ያላዝናል፣ ቆርቆሮውን ይቧጭራል። በሦስተኛው ቀን የቀበሌው አብዮት ጥበቃ መርጋ ጠመንጃውን አንግቶ መጣ። መርጋ ረጅም፣ ጥቁር፣ ንግግሩ ጥቂት የሆነ ሰው ነው። ሲስቅ አየሁት የሚል አልነበረም።

«አካም ጅርታ፣ መምህር» ሲል በኦሮምኛ ሰላም አለ። «ይኼ ቤት ዛሬም ስብሰባ አልተወም?»

ኢተፋ ምላሱን መያዝ የማይችል ሰው ነው። «የፈረምኩት ሰው እንዳልሰበስብ ነው እንጂ ውሻ እንዳልሰበስብ አይደለም» አለ።

ሙሉብርሃን የባሏን ክንድ ጎተተች። መርጋ ባሏን አየው፣ አየው፣ ከዚያ ግቢውን ዙሪያውን ቃኘ። «ሌላ ቀን ካገኘሁ ሁሉንም በጥይት እመታለሁ። የናንተንም ጭምር» ብሎ ሄደ። እሷ ስለ ውሾቹ የሰማችው ነገር አልነበረም። የሰማችው ያ ሰው ዳግም በዚህ በር ሊመጣ መሆኑን ብቻ ነው።

ለዚህ ነው ጉደታ የተጠራው። ጉደታ ቆቃ በኩል ባለ የመንግሥት እርሻ የእንስሳት ጤና ረዳት ነው፤ የእምነት ወንድማቸውም ነው። «ዕድሜዬን በሬ ሳኮላሽ ነው የኖርኩት» አለ ጭንቅላቱን እያከከ። «የሴት ውሻ ማህፀን ማውጣት ትምህርት ቤት እያለን ሁለቴ ሠርቻለሁ። አንዷ ድናለች።» ስለ ሁለተኛዋ ማንም አልጠየቀውም። ደሟ እስኪበርድ ሦስት ሳምንት ይቆይ አለና በየካቲት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቦርሳውን ይዞ መጣ።

ዳማን ምግብ ጠረጴዛው ላይ ነጭ አንሶላ አንጥፈው አስተኟት። ጉደታ መሣሪያዎቹን በሽሮ ድስት ቀቀለ። ማደንዘዣውን ወጋት፤ ዓይኗ ሳይከደን እንቅልፍ ወሰዳት። ኢተፋ እግሮቿን፣ ሙሉብርሃን ጭንቅላቷን ያዙ። ሆዷ ሲከፈት ኢተፋ በልቡ ሲጸልይ ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር፤ ጉደታ ደግሞ ላቡ ከአፍንጫው ጫፍ ይንጠባጠባል። በመጨረሻ እንደ ጣት የቀጠነ ባለ ሁለት ቀንድ ሥጋ አወጣ።

«ይኼን ሌላ ውሻ እንዳያገኘው ቶሎ ቅበሪው» አላት።

ሙሉብርሃን እጇ በደም ርሷል፣ ልቧ ደግሞ ከውሻዋ ጋር ነው። ከመደርደሪያው ላይ አንድ የጋዜጣ ገጽ ላጥ አድርጋ ጠቀለለችውና ዶማ ይዛ ወደ ፓፓያው ሥር ሮጠች። የናዝሬት መሬት አሸዋ ነው፤ በሁለት ምት አንድ ስንዝር ተቆፈረ። አፈሩን መልሳ ቀና ስትል የጎረቤቷ የዘመናይ ሻሽ ከአጥሩ በላይ ብቅ አለ። ዘመናይ የቀበሌው ሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር ናት። ክፉ አይደለችም፤ ግቢዋ አጥር አለው፣ ምላሷ ግን የለውም።

«ሙሉዬ! በዚህ ፀሐይ ምን ትተክያለሽ?»

«ሎ... ሎሚ» አለች ሙሉብርሃን። ለምን እንዲህ እንዳለች እስከ ዛሬ አታውቀውም። መዋሸት አልለመደችም፤ ያልለመደ ሰው ሲዋሽ ደግሞ እንዲህ ነው።

ዳማ ስትነቃ እንደ ወባ በሽተኛ ተንቀጠቀጠች። ሙሉብርሃን በብርድ ልብስ ጠቀለለቻት፣ ጠርሙስ ሙቅ ውሃ ሞልታ በጨርቅ ሸፍና አጠገቧ አደረገች። ስፌቱን እንዳትልሰው ጉደታ ባዘዘው መሠረት የኢተፋን አሮጌ ሸሚዝ ቆርጣ፣ የፊት እግሮቿን በእጅጌው አሳልፋ፣ ጀርባዋ ላይ ቋጠረችላት። «መንግሥት ደሞዜን ወሰደ፣ ውሻ ሸሚዜን» አለ ኢተፋ። እሑድ ሙሉብርሃን መረቅ ስታቀርብላት ዳማ ፊቷን አዞረች። ድዷ ነጥቷል። ሙሉብርሃን በማንኪያ ውሃ እያንጠባጠበች፣ «ጌታ ሆይ፣ ለውሻ ይጸለያል ወይ አትበለኝ፣ ይቺን ተውልኝ» እያለች አጠገቧ ዋለች። አንሶላውን አጥባ አሰጣችው። በፍል ውሃ ስላጠበችው ግን ደሙ ዝገት መስሎ ቀረ።

ሰኞ ጠዋት ዳማ ሥር የሚነጠፍ ፈልጋ ከመደርደሪያው ጋዜጣ አነሣች። የሐሙሱ ጋዜጣ ነበር። ከገጽ ሦስት ይጀምራል። የመጀመሪያው ቅጠል የለም።

ቆማ ቀረች። ያን ገጽ ታስታውሰዋለች። ከላይ እስከ ታች የአገሪቱ መሪ፣ ሊቀመንበሩ፣ ግራ እጃቸውን አንሥተው። በዚያ ዘመን ባለሱቁ አብደላ እንኳ ስኳር በጋዜጣ ከመጠቅለሉ በፊት ፎቶውን ፈልጎ፣ ገጹን ነጥሎ፣ አጣጥፎ ሣጥን ውስጥ ያስቀምጥ ነበር። ይህን ጥንቃቄ ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። እሷም ሁልጊዜ እንዲሁ ታደርግ ነበር፤ ከቅዳሜ በቀር። የውሻ ማህፀን በሊቀመንበሩ ጠቅልላ ቀብራቸዋለች! ያውም በፈረመ ሰው ግቢ ውስጥ።

ለኢተፋ አልነገረችውም። ብትነግረው ይስቃል፤ ስቆ ሲያበቃ ደግሞ «እውነቱን ሄደን እንናገር» ይላል። እንዲህ ያለ ባል የሰጣት አምላክ ምን አስቦ እንደሆነ አንዳንዴ ይገርማታል። ዶማውን ይዛ ሦስቴ ወጣች፤ ሦስቴም የዘመናይ ሻሽ ከአጥሩ በላይ ነበር። ሦስተኛው ጊዜ ላይ ዘመናይ «ሎሚው በቀለ እንዴ?» አለቻት። ሙሉብርሃን ዶማውን ይዛ ተመለሰች። የዚያን ዕለት እህል ካፏ አልገባም፤ እሷም ውሻዋም ጦማቸውን ዋሉ።

ማክሰኞ ዳማ ትንሽ ሥጋ ቀመሰች። ሙሉብርሃን ደስ ሊላት ሲል በሩ ተንኳኳ። የቀበሌው ካድሬ ጓድ አምባዬ ከፊት፣ መርጋ ከነጠመንጃው ከኋላ፣ ዘመናይ ደግሞ መሬት መሬት እያየች ከሁለቱ በስተጀርባ። የታመመ ጠያቂ አይመስሉም ነበር።

አምባዬ ገመዱ ላይ የተሰጣውን አንሶላ በሁለት ጣቱ ያዘ። «የቆሰለው ማነው?»

«ውሻችን ናት» አለ ኢተፋ።

«መምህር፣ አታሹፍብኝ። ባለቦርሳ ሰው ገብቷል። ደም አለ። የተቀበረ ነገር አለ። ጸረ አብዮተኛ ደብቃችሁ ከሆነ አሁኑኑ ተናገሩ።»

ወደ ጓዳ ገቡ። ዳማ ሸሚዟን እንደለበሰች ጭንቅላቷን ቀና አድርጋ አንዴ ብቻ፣ በደከመ ድምፅ ጮኸች። አምባዬ ሳቀ። መርጋ ግን ጠመንጃውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ቁጢጥ አለና ሸሚዙን ገለጥ አድርጎ ስፌቱን አየ። «ደህና ሰፍቷታል» አለ።

ሙሉብርሃን ትንፋሿ መለስ ሊል ነበር። አምባዬ ግን ወደ በሩ ከዞረ በኋላ ቆመ።

«ሎሚውስ የታለ?»

«የምን ሎሚ?» አለ ኢተፋ፣ ከልቡ ገርሞት።

«ሎሚ አይደለም» አለች ሙሉብርሃን። ድምፅዋ የሌላ ሰው ድምፅ ነበር። «ከሆዷ የወጣውን ነው የቀበርኩት። ያን ለማለት አፍሬ ነው።»

«ቆፍር» አለ አምባዬ መርጋን።

ከጓዳ እስከ ፓፓያው ሃያ እርምጃ አይሆንም። ሙሉብርሃን ያን መንገድ ስትሄድ የባሏን ልብስ ስታስብ ነበር፤ እስር ቤት የምታቀብለውን፣ የትኛው እንደታጠበ፣ የትኛው እንዳልታጠበ። ከዚያ ደግሞ ሁለተኛ የሄዱት ልብስ እንደማይቀበሉ ትዝ አላት። መርጋ ዶማውን ሁለቴ ሰነዘረ። ሦስት ቀን ሙሉ በናዝሬት ፀሐይ የተቀቀለው ነገር ሽታው ፈነዳ። አምባዬ መሐረቡን አፍንጫው ላይ ለጥፎ እስከ አጥሩ አፈገፈገ፤ ዘመናይም ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ተከተለችው።

መርጋ ጎንበስ ብሎ ጥቅሉን በእንጨት ገለጠው። ሙሉብርሃን ከትከሻው በላይ አየች። ወረቀቱ ረጥቧል፣ ግን አልበሰበሰም። ኮፊያው አለ። አንድ ዓይን አለ። የተነሣው እጅ አለ።

መርጋም አየ።

«ምንድን ነው?» ሲል አምባዬ ከሩቅ ጮኸ።

ሙሉብርሃን መጸለይ ፈልጋ ቃል አጣች። ጌታ የሚለው ቃል እንኳ ጠፋት። መርጋ ወደ አምባዬ ዘወር ብሎ በእንጨቱ የወረቀቱን ጫፍ ፎቶው ላይ ሲመልስ ያየችው ያን ጊዜ ነው። ባለጠመንጃው ሰው ፈርቷል! ይህን ነገር ከመሬት ያወጣ ሰውም ለምን አወጣኸው፣ ማን ማን አየ ተብሎ እንደሚጠየቅ ገብቶታል።

«ሥጋ ነው፣ ጓድ» አለ በመጨረሻ። «የውሻ ሥጋ። ተልቷል።»

«መልሰህ ድፈነው፣ ገደለን እኮ!» አምባዬ ይህን ሲል ከግቢው ወጥቶ ነበር።

መርጋ ግን ወዲያው አልደፈነውም። እስከ ጉልበቱ ድረስ ቆፈረ፤ ጥቅሉን ወርውሮ አፈሩን መለሰና በጫማው ደጋግሞ ረገጠው። «ላይ ላዩን የተቀበረ ነገር ውሻ ያወጣዋል፣ እትዬ» አላት ሳያያት። ኢተፋ ምንም ሳይገባው ውሃና ሳሙና አመጣለት። ሳሙናው ከመርጋ እጅ ሁለቴ ወደቀ።

ሲሄዱ ለኢተፋ ሁሉንም ነገረችው። አልሳቀም። እውነቱን እንናገርም አላለም። ዳማ አጠገብ ተቀምጦ ጆሮዋን እየዳበሰ ብዙ ቆየ።

የሚቀጥሉትን ቀናት ሙሉብርሃን እንዴት እንዳሳለፈቻቸው አትጠይቋት። መርጋ ዛሬ ዝም ቢል ነገ ያስብበታል፤ ነገ ቢያልፍ ከነገ ወዲያ ለራሱ ፈርቶ ይናገራል። መኪና ባለፈ ቁጥር ትቆማለች፤ ጋሪ ባለፈ ቁጥር እንኳ ትቆማለች። ዳማ ግን መብላት ጀመረች፤ ድዷ ቀላ። በአሥረኛው ቀን ጉደታ መጥቶ ክሩን ሲያወጣላት ጭራዋን ቆላች። እሱን ሸኝተው በሩን ገና ከመዝጋታቸው ዳማ ከታመመች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በሙሉ ድምፅዋ ጮኸች።

በሩ ላይ መርጋ ቆሟል። ጠመንጃው ትከሻው ላይ ነው።

ሙሉብርሃን በሩን ለቃ ወደ ኋላ ሸሸች። በቃ፣ መጣ። መርጋ አልፏት ቀጥታ ወደ ፓፓያው ሄደ። ያን ጊዜ ነው በግራ እጁ የያዘውን ያየችው፤ በእርጥብ ጆንያ ሥሩ የተጠቀለለ አንድ ክንድ የማይሞላ የሎሚ ችግኝ።

ጠመንጃውን ፓፓያው ላይ አስደግፎ ተከለው፤ ዙሪያውን በእጁ ጠቀጠቀ።

«ጓድ ዘመናይ ሎሚ ብላ ተናግራለች» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሎሚ ይሁን። ተክል ያለበትን ማንም አይቆፍርም።»

ጠመንጃውን አነሣ። ዳማ መጥታ ሱሪውን አሸተተችው፤ አልጮኸችበትም።

«ጠዋትና ማታ ውሃ አጠጪው፣ እትዬ ሙሉ» አለ ወደ በሩ እየሄደ። «ይኼ መሬት ውሃ አይዝም።»